ከኃይለኛ ማረፍ በኋላ የአሮጌ ሴስና 182 የፊት እግርና ፋየርዎል አመዛዘን

ጥያቄው፦ «በሜሪላንድ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች በጋራ የገዛናት የ1974 ሥሪት ሴስና 182ፒ አለችን። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ባልደረባችን ሲያርፍ አውሮፕላኗ ሁለት ጊዜ ነጥራ በሦስተኛው በፊት ጎማዋ ወረደች። በራሷ ኃይል ተንከባልላ ማቆሚያው ድረስ ሄዳለች፤ የተሰበረ ነገርም አይታይም። ሆኖም ስትንከባለል የፊት ጎማው ይርገበገባል፤ ከአሞርዛተሩ ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ከሞተሩ ኮፈን በስተኋላ በግራ በኩል ባለው ላሜራ ላይ ስስ ሽብሽብ ወጥቷል፤ የግራው ፔዳልም ከወትሮው ከበድ ብሏል። እዚያው ያለ መካኒክ የአሞርዛተሩን ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገውን ላስቲክ) ቀይረን ዘይትና አየር ከሞላን 60 ማይል ርቆ ወደሚገኘው መደበኛ ማቆሚያችን ልንወስዳት እንደምንችል ነግሮናል። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ አውሮፕላኗ አሁን ባለችበት ሁኔታ ለ60 ማይል ቀርቶ ለአንድ ዙርም ከመሬት መነሳት የለባትም። ከዘረዘሯቸው አራት ምልክቶች ውስጥ ዓይን የሚስበው የሚንጠባጠበው ቀይ ዘይት ቢሆንም፣ ከሁሉ ያነሰ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ የአሞርዛተር ጎሚኒ በእርጅናም፣ በብርድም፣ በቆሻሻም ያፈሳል፤ መቀየሩም ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያሳስቡኝ የላሜራው ሽብሽብና የፔዳሉ መክበድ ናቸው። ሁለቱም ከጎማው ርቀው፣ አንዱ በውጭ አንዱ በውስጥ የታዩ ሲሆን፣ የሚያገናኛቸው አካል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሞተሩን ከሰው መቀመጫ የሚለየው፣ ፋየርዎል የምንለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጥያቄ ስለ ጎማና አሞርዛተር የቀረበ ቢመስልም፣ መመርመር ያለበት ከአሞርዛተሩ በስተጀርባ ያለው አካል ነው።

የዚህች አውሮፕላን የፊት እግር የተሠራበት መንገድ ምክንያቱን ያስረዳል። ጎማው በሹካ ተይዟል፤ ሹካው ከአሞርዛተሩ ታችኛ ዘንግ ጋር ተያይዟል፤ አሞርዛተሩ ደግሞ በላይና በታች ባሉት ማያያዣዎች በቀጥታ ፋየርዎሉ ላይ ታስሯል። በውስጡ ያለው ዘይትና የታመቀ አየር የመጀመሪያውን ምት ይውጣል፤ ምቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ግን ዘንጉ እስከ መጨረሻው ድረስ ይገባና አሞርዛተርነቱ ቀርቶ ደረቅ የብረት ምሶሶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ኃይል በሙሉ የሚያርፈው በማያያዣዎቹ ላይ ነው። መሬቱ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የታችኛው ማያያዣ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሲገፋ የላይኛው ወደ ፊት ይስበዋል፤ ግድግዳው ስስ ላሜራ በመሆኑም በማጠናከሪያዎቹ መካከል ይሸበሸባል፤ በሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በሚያጣብቁ ትናንሽ ምስማሮች) የተያያዙት የጎን ላሜራና ወለልም አብረው ይጎተታሉ። በእጁ ተደግፎ የወደቀ ሰው አንዳንድ ጊዜ መዳፉ ላይ ጭረት ሳይኖረው ትከሻው ላይ እንደሚሰበር ሁሉ፣ እዚህም መሬት የነካው ጎማ ደኅና ሆኖ ከእሱ አንድ ሜትር የራቀው ላሜራ ሊጎዳ ይችላል።

182 በዚህ ጉዳት በመካኒኮች ዘንድ የታወቀች ናት፤ ይህም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። 230 የፈረስ ጉልበት ያለው የኮንቲኔንታል ኦ-470 ሞተር ከባድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ከፊት ተቀምጠው የኋላው ወንበርና የዕቃው ቦታ ባዶ ሲሆን የክብደቱ ማዕከል ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከክንፉ በስተኋላ ያለው ተዘርጊ ፍላፕም ሙሉ በሙሉ ከወረደ አፍንጫዋን ቀና አድርጎ ለማሳረፍ መሪውን በጉልበት መሳብ ወይም ትሪሙን (የመሪውን ክብደት የሚያቀልለውን መሣሪያ) አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። አብራሪው በዚህ ላይ ፍጥነት አብዝቶ ከመጣና ከመጀመሪያው ንጥረት በኋላ አፍንጫዋን ወደ ታች ከገፋ፣ እያንዳንዱ ንጥረት ከቀደመው የባሰ ይሆናል። በሦስተኛው በፊት ጎማዋ ወረደች ማለታችሁ ከዚህ ጋር ፍጹም ይገጥማል።

የዲዛይን ቁጥሮቹን ማወቅም ይጠቅማል፤ ብዙ ባለንብረቶች የማረፊያ እግር ከእውነተኛ አቅሙ እጅግ የበለጠ ጠንካራ ይመስላቸዋልና። የአሜሪካ የቀላል አውሮፕላን ዲዛይን ደንብ እስከ 2017 ድረስ እግሩ ሊቋቋመው የሚገባውን የመውረድ ፍጥነት ከክንፉ ጭነት (ክብደቱ ለክንፉ ስፋት ሲካፈል) አስልቶ ያወጣ ነበር፤ ውጤቱ በሰከንድ ከ7 ጫማ እንዳያንስና ከ10 ጫማ እንዳይበልጥም ይገድብ ነበር። 2,950 ፓውንድ ከፍተኛ ክብደትና 174 ካሬ ጫማ ገደማ የክንፍ ስፋት ላላት 182ፒ ቀመሩ በሰከንድ ወደ 9 ጫማ ይሰጣል። ይህን ፍጥነት ለማግኘት ከ38 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በነፃ መውደቅ ይበቃል። ስሌቱ ታዲያ ክንፉ ገና የክብደቱን ትልቅ ድርሻ ተሸክሞ ሳለ የሚደረግን ማረፍ የሚመለከት ነው፤ ፍጥነቷን ጨርሳ ከንጥረት ላይ በአፍንጫዋ የምትወርድ አውሮፕላን ከዚህ ስሌት ውጭ ናት።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። ከሁሉ በፊት አሞርዛተሩን እንዳይነኩት፣ አውሮፕላኗንም እንዳያጥቧት አደራ እላለሁ። አሞርዛተሩ በአየር ተሞልቶ አፍንጫዋ ቀና ሲል አቋቋሟ ደኅና ይመስላል፤ ዘንጉ ምን ያህል እንደገባ የሚያሳየው የዘይትና የአቧራ ምልክትም ይጠፋል። መጀመሪያ ሁሉንም ነገር እንዳለ ፎቶ አንሱ። ከዚያም የሃንጋሩን መብራት አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ ከላሜራው ጋር አስጠግታችሁ በአግድም አብሩ፤ በቀን ብርሃን የማይታይ ሽብሽብ በዚህ ጊዜ ጥላው ይወጣል። ከንፋስ መከላከያው መስታወት ሥር ጀምሮ እስከ ሆዷ ድረስ፣ በግራም በቀኝም እያነጻጸራችሁ ተመልከቱ። ሽብሽቡን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጧ ብሎ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ላሜራው ከፋብሪካው ጀምሮ ልል የነበረ ሊሆን ይችላል፤ በጣት ቢገፋም መስመሩ የማይጠፋ ከሆነ ግን ብረቱ ከመለጠጥ ወሰኑ አልፎ በቋሚነት ታጥፏል ማለት ነው፤ ወደ ቀድሞ ጥንካሬውም በመዶሻ አይመለስም። የሪቬቶቹን ዙሪያ ደግሞ በማጉያ መነጽር እዩ፤ ጭንቅላታቸው ያዘነበለ፣ ዙሪያቸው ቀለም የፈነከተ ወይም ጥቁር ግራጫ ጭረት የተዉ ሪቬቶች ቀዳዳቸው ውስጥ መንቀሳቀሳቸውን ያሳያሉ። በኮፈኑና በላሜራው መካከል ያለው ክፍተት በላይ ጠባብ በታች ሰፊ ወይም በአንድ ወገን የተለየ ከሆነ፣ በሮቹም ከማረፉ በፊት ባልነበረ ሁኔታ የሚጋጩ ከሆነ ይህም መጻፍ አለበት።

አሮጌ አውሮፕላን ላይ የሚገጥመው ልዩ ችግር የዛሬውን ጉዳት ከትናንቱ መለየት ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያገለገለች 182 ከእናንተ በፊት በብዙ እጅ አልፋለች፤ አንዱ ባለንብረት ፋየርዎሏን አስቀይሮ፣ ሌላው ሽብሽቡን በቀለም ሸፍኖ ሊሆን ይችላል። አዲስ እጥፋት ላይ ቀለሙ በስንጥቅ ይከፈታል፤ ጠርዙ ላይም ብሩህ ብረት ይታያል። አሮጌው ደግሞ ውስጡ አቧራና ዘይት ይዟል፤ ወይም ቀለሙ ሳይሰነጠቅ በላዩ ተቀብቶበታል። ከሌሎቹ የተለየ ዓይነት ሪቬት፣ ተደራቢ የላሜራ ቁራጭ፣ አንድ ወገን ብቻ አዲስ የሆነ ማሸጊያ ካያችሁ ቀድሞ የተጠገነ መሆኑን ገምቱ። በጣም ቀላል የሆነና ብዙ ሰው የማያስበው ማስረጃ ደግሞ አለ፤ ስትገዟት ለሽያጭ የወጡት ፎቶዎችና እናንተው በየጊዜው ከአጠገቧ ቆማችሁ የተነሣችኋቸው ፎቶዎች ያንን የግራ ላሜራ ምናልባት አስቀርተውት ይሆናል። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍ ኤ ኤ በኦክላሆማ ሲቲ የሚያስቀምጠውን የአውሮፕላኗን የጥገና ፋይልም ጠይቃችሁ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ፋየርዎል ተቀይሮ ከነበረ የዋና ጥገና መመዝገቢያው ቅጽ 337 እዚያ መኖር አለበት። ግድግዳው የተቀየረ መሆኑ እየታየ ቅጹ ከሌለ፣ የዛሬውን ማረፍ ሳንነካ ሌላ ችግር አገኘን ማለት ነው።

ውጩ ይህን ያህል ከተናገረ ውስጡ የበለጠ ይናገራል፤ ጊዜያችሁን የምታጠፉትም እዚህ ላይ ይሁን። ምንጣፉና የድምፅ መከላከያው ይነሣ፤ ፋየርዎሉ ከውስጥ በኩል ከፔዳሎቹ በስተጀርባ እስከ ወለሉ መጋጠሚያ ድረስ ይታይ። የአሞርዛተሩ ማያያዣዎች የታሰሩባቸው ቦታዎች፣ ግድግዳውን የሚያጠናክሩት ቋሚ ማጠፊያዎች፣ ወለሉ ግድግዳውን የሚነካበት ማዕዘን በመስታወትና በባትሪ አንድ በአንድ ይፈተሹ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በግድግዳው ላይ አጋድሞ ከሥሩ የሚያልፈውን ብርሃን ማየት ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ያልተናነሰ ያሳያል። የድምፅ መከላከያው ለዓመታት እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ከሥሩ ዝገት ቢገኝ አይደንቅም፤ ዝገት የበላው ማጠናከሪያ ደግሞ አዲስ ሳለ ይችለው የነበረውን ምት አይችልም፤ ስለዚህ ማረፉ «ያን ያህል አልነበረም» የሚለው የባልደረባችሁ ቃል እውነት ሆኖም ጉዳቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ፔዳሉን በተመለከተ ምክንያቱን ለይቶ የሚያወጣ አንድ ሙከራ አለ። ፔዳሎቹ ከጅራቱ መሪ ብቻ ሳይሆን በስፕሪንግ በተደገፈ ዘንግ ከፊት ጎማውም ጋር ተያይዘዋል። ይህ ዘንግ ከፊት እግሩ ላይ ሲፈታ ፔዳሉ ከቀለለ ችግሩ በሹካው፣ በመሪ አንገቱ ወይም በዘንጉ ላይ ነው። ከተፈታም በኋላ እንደከበደ ከቀጠለ ግን ፔዳሎቹን የተሸከሙት ቧንቧዎች ወይም የተቀመጡባቸው ኩሽኔቶች ከቦታቸው ተዛብተዋል፤ ይህም ወለሉና ግድግዳው መንቀሳቀሳቸውን ይመሰክራል። የጅራቱ መሪ የሚታዘዘው በዚሁ ፔዳል ስለሆነ፣ አየር ላይ ተይዞ የሚቀር ፔዳል ከተሸበሸበ ላሜራ የበለጠ ፈጥኖ ይገድላል።

ከዚያ ኮፈኑ ወርዶ ሞተሩን የተሸከመው የቧንቧ ማቀፊያ ይታያል። የተሠራው ከክሮሞሊ ብረት ነው፤ ብየዳዎቹ በሚገናኙባቸው አንጓዎች አካባቢ የተሰነጠቀ ቀለም፣ የጎበጠ ወይም የተጨፈለቀ ቧንቧ ይፈለጋል። ጥርጣሬ ያለበት ቦታ ቀለሙ ተነሥቶ በማግኔት ፍተሻ ይመረመራል፤ የማግኔት ፍተሻ ለብረት ብቻ ስለሚሠራ ለአሉሚኒየም ማያያዣዎች ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚገባውን ቀለም መጠቀም ግድ ነው። የአካሉ ቅብ ቀለም ሳይነሣ በላዩ የሚደረግ የስንጥቅ ፍተሻ ግን ፍተሻ አይባልም። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎችም ለማየት ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በእርጅና የሰመጡ ጎማዎች ግን የፕሮፔለሩ አናት ከኮፈኑ ጋር ያለውን ልክ ስለሚያዛቡ፣ ያ መዛባት ብቻውን ማቀፊያው ስለመታጠፉ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እግሩ ራሱ ቀጥሎ ይመጣል። አፍንጫዋን ለማንሣት አግዳሚውን የጅራት ክንፍ በእጅ መጫን የተለመደ ቢሆንም ሌላ ላሜራ መጉዳት ስለሆነ አታድርጉት፤ በጅራቷ ማሰሪያ ቀለበት ላይ ክብደት ይታሰር ወይም የጥገና መመሪያው በሚፈቅደው ቦታ ክሪክ ይግባ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ ሹካውን ይዞ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማነቃነቅ፣ የቶርክ ሊንኩን (የአሞርዛተሩን የላይና የታች ክፍል የሚያያይዘውን መቀስ መሰል ክንድ) ቡሽና ብሎኖች ማየት፣ የጎማውን ዘንግ ቀጥታነት መለካት ያስፈልጋል። መርገብገቡ ከማረፉ በፊት ያልነበረ ከሆነ ሺሚ ዳምፐሩን (የጎማውን መርገብገብ የሚያበርደውን መሣሪያ) ዘይት ሞልቶ ማለፍ አይበቃም፤ የላላ ቡሽ ወይም ዘይቱ የጎደለ ዳምፐር በመደበኛ እርጅናም መርገብገብ ያመጣል፤ የጎበጠ ሹካም ያመጣል፤ ሁለቱን የሚለየው ልኬት ብቻ ነው። አሞርዛተሩ ለጎሚኒ ቅያሬ ሲፈታ የውስጡ ዘንግ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ተንከባልሎ ቀጥ ማለቱ፣ ክሮሙም ያልተፋቀ መሆኑ ይታይ፤ በጎበጠ ዘንግ ላይ የገባ አዲስ ጎሚኒ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ያፈሳል።

ስለ ፕሮፔለሩ ምንም አልጻፋችሁም፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ። ያው የቀድሞው የዲዛይን ደንብ የፊት ጎማ ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ፕሮፔለሩ በመደበኛ አቋም ከመሬት ቢያንስ 7 ኢንች እንዲርቅ ያዝዝ ነበር፤ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ጎማው ሲጨፈለቅ ይህ ርቀት በእጅጉ ይጠባል። የእያንዳንዱን ምላጭ ጫፍ በጣት ዳስሱ፤ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የተጠማዘዘ ጫፍ፣ የአስፋልት ጭረት ወይም የተቀባው ቀለም መላጥ ካለ፣ ያረፈችበትንም መንገድ ሄዳችሁ እዩ። የሞተሩ አምራች ኮንቲኔንታል እንደሚለው ምላጩን በሞረድ ከማለስለስ ያለፈ ጥገና የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ፕሮፔለሩ አንዳች ነገር ነክቶ ዙሩ ከቀነሰ፣ የፕሮፔለር ምት ደርሷል፤ ሞተሩም ተፈትቶ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ መመርመር አለበት። የክራንክ ሻፍቱን ፊት በዳያል መለኪያ አዙሮ «ቀጥ ብሏል» ማለት ይህን አይተካም፤ ስንጥቅ ቀጥ ባለ ብረት ውስጥም ይኖራልና።

የዋናዎቹ እግሮች ጉዳይ በእናንተ ሁኔታ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የ182ፒ እግሮች ከብረት ቱቦ የተሠሩ ስፕሪንጎች ስለሆኑ ብዙ ይታገሣሉ፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ የነጠሩት በእነሱ ላይ ስለሆነ እግሮቹ ወደ ሆዷ የሚገቡበት ቦታ፣ ብሎኖቹና በዙሪያቸው ያለው ላሜራ ይታይ፤ ከሁለቱም ክንፎች ጫፍ እስከ ወለሉ ያለው ርቀትም በተስተካከለ ወለል ላይ፣ የነዳጁ መጠን በግራና በቀኝ እኩል ሆኖ፣ ይለካ።

አሁን ወደ መካኒኩ ምክር ልመለስ። ሕጉ የተጎዳ አውሮፕላንን ለጥገና ወደሚሆን ቦታ ማብረርን ጨርሶ አይከለክልም፤ ልዩ የበረራ ፈቃድ የሚባል አሠራር አለ፤ በቅጽ 8130-6 ለኤፍ ኤ ኤ ይቀርባል፤ መካኒክም አውሮፕላኗን መርምሮ ለዚያች አንድ በረራ ብቁ ናት ብሎ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። ስለዚህ ለመካኒኩ የምታቀርቡት ጥያቄ አጭር ነው፤ ፋየርዎሉን ከውስጥ አይቶ ይፈርማል ወይስ አይፈርምም? ጎሚኒውን ቀይሮ በመዝገቡ ላይ «አሞርዛተር ተጠግኗል» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ስለ ግድግዳው ምንም ዓይነት ኃላፊነት አልወሰደም፤ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በሚያበራት አብራሪና በባለንብረቶቹ ላይ ነው። የግድግዳው ማጠናከሪያ ታጥፎ ከተገኘ እኔ ፈቃዱንም አልጠይቅም፤ እዚያው ይጠገናል፤ ካልሆነ ክንፎቿ ተፈትተው በጭነት መኪና ትሄዳለች። አውሮፕላኗ ከበረራው በኋላ መልሳ የምታርፈው በዚያው በተጎዳው እግር ላይ መሆኑን የ60 ማይሉ ሐሳብ ይዘነጋዋል።

ለኢንሹራንሱ ዛሬውኑ ደውሉ፤ ማንኛውም አካል ከመፈታቱ በፊት የእነሱ ገምጋሚ እንዲያይ መብት አላቸው፤ ቀድማችሁ ከጠገናችሁ ክርክር ትከፍታላችሁ። ለብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ማሳወቅን በሚመለከት ደንቡ በእግር፣ በጎማ፣ በፍሬንና በክንፍ ጫፍ ላይ የሚደርስን ጉዳት «ከባድ ጉዳት» ከሚለው ያወጣዋል፤ የአውሮፕላኑን ጥንካሬ የሚቀንስና ዋና ጥገና የሚጠይቅ የአካል ጉዳት ግን ይገባበታል። የፋየርዎሉ ምርመራ ውጤት እንግዲህ የጥገናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማሳወቅ ግዴታ መኖሩንም ይወስናል።

ግድግዳው የግድ መቀየር ካለበት ሥራው ሰፊ ነው፤ ሞተሩና ማቀፊያው ይወርዳሉ፤ በግድግዳው የሚያልፉት ገመዶች፣ ቱቦዎችና ሽቦዎች ይፈታሉ፤ ሪቬቶቹ አንድ በአንድ ተቦርቡረው ይወጣሉ። በሪቬት የሚሠራ ዋና ጥገና ስለሆነ የፍተሻ ሥልጣን ያለው መካኒክ መርምሮ ቅጽ 337 ላይ ይፈርምበታል። ገንዘቡ የሚሄደው በአብዛኛው ለጉልበት ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት የ182 ፋየርዎል ቀይሮ የሚያውቅ ጋራዥ በሰዓት ውድ ቢሆንም በጠቅላላው ብዙ ጊዜ ርካሽ ይወጣል። ለኢንሹራንስ የተስማማችሁበት የአውሮፕላኗ ዋጋ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ኩባንያው ጥገናውን ትቶ ዋጋዋን ከፍሎ ሊወስዳት ስለሚችል፣ ሦስታችሁ ከገምጋሚው ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት አውሮፕላኗን ማቆየት ትፈልጉ እንደሆነ ተስማሙ፤ ምንጣፉ ተነሥቶ የሚነሡትን የፋየርዎል ፎቶዎችና የፔዳሉን ሙከራ ውጤት ብትልኩልኝም ግድግዳው መቀየር ይኖርበት እንደሆነ አስተያየቴን እጽፍላችኋለሁ።